የ9ኛ ክፍል ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ላስተምረው ወይስ ሙያ ላስገባው?

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ 9ኛ ክፍል ነው። እስከ ሚኒስትሪ ድረስ ደኅና ተማሪ ነበር። ዘንድሮ ግን ትምህርት አስጠልቶታል፤ ሰኞ በመጣ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ከክፍል እየቀረ ፒያሳ አንድ ስልክ ጥገና ቤት እንደሚውልም ደረስኩበት። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ላስተምረው እችላለሁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ቤት እንደሚያስተምሩ በቪዲዮ አይቻለሁ። ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ቤት ላስተምረውና 12ኛን በግል ይፈተን? ካልሆነም ቴክኒክና ሙያ ይግባ፤ እዚያ ሒሳቡም እንግሊዝኛውም አያስጨንቀውም ይሉኛል። ከመቶ ስምንት ልጅ ብቻ ለሚያልፍበት ፈተና ሦስት ዓመት ለምን ያባክናል?»

ምላሽ፦ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አያስወጡት። ድምዳሜዬን ያስቀደምኩት መልቀቂያ ለመጠየቅ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄድዎ በፊት እንዲደርስዎት ብዬ ነው። ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ተጠቅልለው ቀርበዋል፦ ልጁ ትምህርት ለምን ጠላ የሚለው አንድ ነው፤ ቤት ውስጥ መማር ይቻላል ወይ የሚለው ሌላ ነው፤ የሙያ ሥልጠና ለእርሱ ይሆነዋል ወይ የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። በሥራዬ የማገኛቸው አብዛኞቹ ወላጆች የመጀመሪያውን ሳይመልሱ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ይወስናሉ፤ በኋላ የሚጸጸቱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። ቁጥሩ ልብ ይሰብራል፤ የትምህርት ሰው ሆኖ በዚህ የማያዝን የለም። ነገር ግን የሚነግረን ግማሹን ነጥብ ያገኘና በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የበቃ ስንት እንደሆነ ነው እንጂ የቀረው 92 በመቶ 12 ዓመት በከንቱ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ከመስመሩ በታች ካሉት ውስጥ የተሻለ ውጤት ያላቸው በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ሌላ ዕድል ሲያገኙ፣ ሌሎቹ በውጤታቸው መሠረት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይመደባሉ። 12ኛን ጨርሶ 50 ያላመጣ ልጅና 9ኛን ያቋረጠ ልጅ አንድ ዓይነት በር ፊት አይቆሙም። ደግሞም ይህ የመላው አገር አማካይ ነው፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ብዙ ትምህርት ቤቶችና አብዛኞቹን ተማሪዎቻቸውን ያሳለፉ ትምህርት ቤቶች እዚሁ አንድ ቁጥር ውስጥ ተደምረዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የልጅዎ ትምህርት ቤት ያለፉትን ዓመታት ምን ውጤት እንዳመጣ ነው፤ ርእሰ መምህሩን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ትምህርት ልምጣ። በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ ሆኖም በቪዲዮው ላይ የማይታየው ነገር ከወላጁ ጀርባ የግዛቱ ሕግ መኖሩ ነው። አንዳንዱ ግዛት ወላጁ በየዓመቱ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ አንዳንዱ ልጁ እንዲፈተን ወይም የሥራው ማኅደር እንዲታይ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ብዙም አይጠይቅም። በአንጻሩ ጀርመን በሙያ ሥልጠናዋ ዓለም የሚያደንቃት አገር ሆና ሳለ ቤት ውስጥ ማስተማርን በሕግ ከልክላለች። ጉዳዩ የቤተሰብ ውሳኔ ብቻ ተደርጎ የሚታየው ከሩቅ ሲያዩት ነው፤ በየትም አገር የሚቆመው በመንግሥት አሠራር ላይ ነው።

በእኛ አገር ይህ አሠራር የለም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ግዴታ አድርጎታል፤ ልጅዎ ያንን ስለጨረሰ ከትምህርት ቤት ቢቀር በርዎን የሚያንኳኳ አይኖርም። ችግሩ ሌላ ነው። ቤትዎ ውስጥ ለልጅዎ ዕውቀት መስጠት ይችላሉ፤ ትራንስክሪፕት መስጠት ግን አይችሉም። የ9ኛ፣ የ10ኛ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት የሰፈረበትና ማኅተም ያረፈበት ያ ወረቀት የሚወጣው ፈቃድ ካለው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። «በግል ይፈተን» የሚለው ሐሳብም የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የግል ተፈታኝ ማለት ክፍሎቹን በታወቀ ትምህርት ቤት አጠናቆ፣ ለምሳሌ ቀድሞ ተፈትኖ ውጤቱን ለማሻሻል የሚመለስ ሰው እንጂ በእናቱ ሳሎን ተምሮ የመጣ ልጅ ማለት አይደለም። እናት ከማንም መምህር በላይ ብታስተምረው እንኳ መዝጋቢው የሚጠይቀው ወረቀቱን ነው።

የውጭ አገር ፈተናዎችን በግል መውሰድ እንደሚቻል የሚነግርዎት ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ይቻላል። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ተሰልቶ በእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የሚጠየቅ ነው፤ ከዚያም በኋላ አገር ውስጥ ለመማር የአቻ ግምት፣ ማለትም የውጭው ውጤት ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን የማስመስከር ጣጣ አለ። ልጃቸውን ውጭ ለማስተማር አስቀድመው ላሰቡና አቅሙ ላላቸው ቤተሰቦች የተዘረጋ መንገድ ስለሆነ ለእርስዎ አልመክረውም።

ከመደበኛው ቀን ትምህርት ውጭ ወረቀት የሚያስገኙት የማታና የርቀት ትምህርት ናቸው። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፣ ትራንስክሪፕትም ይሰጣሉ። ነገር ግን የማታ ክፍል ቀን ሠርተው ለሚመጡ ዐዋቂዎች የተቀረጸ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ ከጎኑ የሚቀመጠው የ25 እና የ30 ዓመት ሰው ነው፤ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም በጨለማ ነው። የርቀት ትምህርት ደግሞ ሞጁሉን ይዞ ብቻውን መቀመጥ የሚችል ተማሪ ይፈልጋል፤ ከክፍል የሚቀር ልጅ በሞጁል ፊት ይቀመጣል ብዬ አላምንም። እንደ መጠባበቂያ ይያዙአቸው።

«የጥንቶቹስ ያለ ትምህርት ቤት አልተማሩም ወይ?» የሚሉኝ ወላጆችም አሉ። ተምረዋል፤ ሆኖም ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመው ልጅ ከየኔታ እግር ሥር ከእኩዮቹ ጋር እየተፎካከረ፣ የቀደመው የኋለኛውን እያስቀጸለ ነው የተማረው። ቁርኣን የቀራውም እንዲሁ ነው። ያ ትምህርት ሥርዓት፣ መምህርና ጓደኛ ነበረው። አሁን የታሰበው ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲውል እናቱ ከሥራ ደክማ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ልታስተምረው ነው። እርስዎ ሒሳቡን በሚገባ ያስይዙታል፤ ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውን፣ ባዮሎጂውንና እንግሊዝኛውን ማን ያስይዘዋል? ቀኑንስ የት ይውላል? መልሱን እርስዎም ያውቁታል፤ ፒያሳ ነው የሚውለው።

ሦስተኛው ጉዳይ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ስለሆነና ብዙ የተሳሳተ ወሬ ስለሚነገርበት ነው። ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ያቃተው ልጅ መጠለያ አይደለም። ሲድስት ኪሎ የሚገኘው እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ያለው በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በነበረበት ግቢ ነው፤ ተግባረ ዕድ በ1930ዎቹ ሲመሠረት ዓላማው አገሪቱ አጥታው የነበረውን ባለሙያ ማውጣት ነበር። ባለ እጅን «ቀጥቃጭ» እያልን የናቅንበት ዘመን የቱን ያህል እንደጎዳን አይቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ንቀቱ መልኩን ቀይሮ «ሰነፉ ልጅ እዚያ ይግባ» ሆኗል። ልጅዎ እጁ ቀልጣፋ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ነገር ግን ወደ ሙያ የሚሄደው ከሒሳብ ሸሽቶ ከሆነ ሒሳብ እዚያ ይጠብቀዋል።

በቅርብ ያየሁትን ላሳይዎ። በኤሌክትሮኒክስ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰዉ ሲኦሲ በሚለው፣ ለዓመታት መዛኝ ነበርኩ። አንድ ቀን ስድስት ዓመት ስልክ የጠገነ የ22 ዓመት ወጣት ፊቴ ተቀመጠ። ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ ሰጠነው። ከፍቶ ቦርዱን አወጣ፤ ሆት ኤር በሚባለው ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ አሮጌውን የቻርጅ ማስገቢያ አነሳ፤ እግሮቹን አጽድቶ አዲሱን አስቀመጠ፤ ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳውን ፍላክስ ቀብቶ አንድ በአንድ በየደ። እንዲህ የረጋ እጅ ከዚያ ወዲህ ብዙ አላየሁም። ስልኩ ግን አሁንም አልቀበል አለ። ቀጣዩ ሥራ መልቲሜትሩን ይዞ መስመሩን መከተል ነበር፤ እርሱ ግን ሌላ ማስገቢያ ጠየቀን። «5 ቮልት ባለበት መስመር ላይ 10 ኦም ቢኖር ስንት አምፒር ያልፋል?» ብዬ ጠየቅሁት። ግማሽ አምፒር ነው፤ አምስትን ለአሥር ማካፈል ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። ከ6ኛ ክፍል ነበር ያቋረጠው። በወረቀቱ ላይ «ገና ብቁ ያልሆነ» ብዬ ስፈርም እጄ ከብዶኝ ነበር። በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ ብቁ ሆነ፤ ዓመቱን ሙሉ የተማረው ግን ጥገና አልነበረም፣ ክፍልፋይና እንግሊዝኛ ነበር።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ሙያ ደረጃ የወጣለት ሲሆን ኮሌጆች በዋናነት የሚያሠለጥኑት ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ነው። ከታች ያለው ደረጃ በመመሪያ የሚሠራ እጅ ይጠይቃል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ብልሽትን መርምሮ ማግኘት፣ ንድፍ ማንበብና ሌሎችን መምራት ይጠየቃል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ መሠረታዊ ለውጥ ያደረገው «የት ተማርክ?» የሚለውን «ምን ትችላለህ?» በሚለው መተካቱ ነው፤ ስለዚህ በሥራ ላይ የተማረም ሰው ቀርቦ መመዘን ይችላል። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የታሰበ ሲሆን የተግባሩ ትልቅ ድርሻ በድርጅቶች ውስጥ በትብብር ሥልጠና እንዲሰጥ ነው የተፈለገው፤ ሐሳቡ ሠልጣኙ ሳምንቱን በድርጅትና በትምህርት ቤት ከሚከፍልበት የጀርመን አሠራር ጋር ዝምድና አለው። እውነቱን ለመናገር በተግባር ሲታይ ድርጅቱ ሠልጣኙን ሻይ አምጪ የሚያደርግበት፣ መሣሪያውም ከገበያው አሥር ዓመት የኋሊት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን የምነግርዎ እንዲሸሹት ሳይሆን ኮሌጅ ስትመርጡ ወርክሾፑን ገብታችሁ እንድታዩ ነው።

የመግቢያ መስፈርቱ በየዓመቱ ነው የሚወጣው፤ በዋናነት የሚታየውም የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። በትራንስክሪፕቱ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ዓመት ልጅዎ የሚጀምርበትን ደረጃ ከፍ ያደርገዋል፤ አሁን ቢያቋርጥ የሚቀርለት አጫጭር ሥልጠናና ዝቅተኛው ደረጃ ነው። በግል ኮሌጅ በኩል ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሙያ፣ ደረጃና ካምፓስ ነው። በሒሳብ አያያዝ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ በኤሌክትሮኒክስ ላይኖረው ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ቀርበው ያንብቡ፤ ሙያውና ደረጃው ተጽፎ ካላዩ አይክፈሉ።

ፒያሳ ያለውን ጥገና ቤት እንደ ጠላት አይዩት፤ ከክፍል እየተሰረቀ የሚሄድበት መሆኑ ግን መቆም አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ሲሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠራ አይችልም። የሙያ መልመጃ ውልም በጽሑፍ ሆኖ አግባብ ባለው ባለሥልጣን ካልተረጋገጠ አይጸናም። ባለሱቁ ይህን ሁሉ ያሟላል ብለው አይጠብቁ፤ እርስዎ ግን ልጅዎ ምን ላይ እንዳለ ይወቁ። ሄደው ይዩት። መስኮት አለ ወይ? የብየዳውና የፍላክሱ ጭስ የት ይወጣል? ያበጠ ባትሪ እንዴት ይይዛሉ? ሊቲየም ባትሪ በስክሩ መፍቻ ጫፍ ከተበሳ ይቀጣጠላል፤ ልጆች ከተቃጠሉባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳይ ልመለስ፤ ልጁ ለምን ጠላ? እስከ ሚኒስትሪ ደኅና የነበረ ልጅ በ9ኛ ክፍል ሲሰበር እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ቋንቋውን ነው። በ9ኛ ክፍል ከአማርኛ በስተቀር ማለት ይቻላል ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ባዮሎጂውን ያልገባው ባዮሎጂ ከብዶት ሳይሆን ገጹን ማንበብ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ምሁር መጥራት አያስፈልግም፤ ዛሬ ማታ ከባዮሎጂ መጽሐፉ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብልዎና ምን እንዳለ በአማርኛ ይንገርዎት። ሁለተኛው ዓይኑ ነው። ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ አይታየኝም አይልም፣ ሰለቸኝ ነው የሚለው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ወስደው ያስመርምሩት። ሦስተኛው የሰኞ ሆድ ሕመም ነው። እሑድ ማታ የሚጀምር፣ ዓርብ የሚጠፋ ሕመም ብዙ ጊዜ ከሰው ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚያስፈራራው ልጅ፣ የሚያዋርደው መምህር ወይም መንገድ ላይ የሚጠብቁት ሊኖሩ ይችላሉ። ፊት ለፊት ተቀምጠው አይጠይቁት፤ አብረው በእግር ሲሄዱ ወይም ሽንኩርት ሲልጡ ይጠይቁት። እንደዚያ ዓይነት ነገር ካለ መፍትሔው ትምህርት ቤት መቀየር ነው፤ ይህን በፍጹም አያዘግዩት። በአካባቢው ቤታቸው ፈርሶባቸው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ስላሉም የቅርብ ጓደኛ አጥቶ ብቻውን የቀረ እንደሆነ ያጣሩ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በዚህ ሳምንት የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያግኙና የቀረባቸውን ቀናት ይቁጠሩ፤ በመቅረት ብዛት ከመዝገብ እንዳይሰረዝ ያስረዱ። የዓይን ምርመራውንና የንባብ ፈተናውን በዚሁ ወር ይጨርሱ። ቤት ውስጥ ሊሰጡት ያሰቡትን ሁለት ሰዓት አይተዉት፤ ግን ሰባት ትምህርት ለማስተማር አይበትኑት። አንዱን ሰዓት ለሒሳብ፣ ሌላውን በማግስቱ የሚማረውን ገጽ ቃል በቃል ፈትቶ ለማንበብ ያውሉት። ይህ ነው የእርስዎ ቤት ከማንኛውም ትምህርት ቤት የተሻለ የሚሠራው ሥራ። ከጥገና ቤቱ ባለቤት ጋር ራስዎ ይነጋገሩና ልጁ ቅዳሜ ብቻ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት እንዲመጣ፣ በሌላ ቀን ቢያዩት እንዲደውሉልዎ ይስማሙ፤ ከመምህሩ ጋር በየሳምንቱ ሲነጋገሩ ደግሞ አንድም ቀን ካልቀረ ቅዳሜው ይጸናል፣ ከቀረ ይታጠፋል። ልጁ ሙያውን በግልጽ ማግኘቱን ሲያይ መሰረቁን የሚተወው ብዙ ነው። ክረምት ሲመጣ በአቅራቢያዎ ካሉት ፖሊ ቴክኒኮች በአንዱ በኤሌክትሮኒክስ ወይም በኤሌክትሪክ ዝርጋታ አጭር ሥልጠና ያስመዝግቡት። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነፃ በኢንተርኔት የሚገኝ ነው፤ እንግሊዝኛው ከተስተካከለ በኋላ ይሞክረው፣ ሰርተፊኬቱ ግን የትምህርት ቤትን ወረቀት አይተካም።

ይህን ሁሉ አድርገው እስከ 10ኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ ምንም ለውጥ ካላዩ፣ ልጁም በሙያው ከጸና፣ ያን ጊዜ የምደግፈው የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቱን በእጁ ይዞ ቀን በኮሌጅ እንዲሠለጥን፣ 11ኛንና 12ኛን ደግሞ በማታ እንዲቀጥል ነው። ያኔ 16 ወይም 17 ዓመቱ ስለሚሆን የማታው ክፍል እንደ ዛሬው አይከብደውም። ከባድ ሕመም ያለበትና ከቤት መውጣት የማይችል ልጅ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይለያል፤ እንዲያም ሆኖ ስሙ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ሳይፋቅ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግሮ ቤት መርዳት እንጂ መልቀቂያ ማውጣት አይሆንም። የልጅዎ ጉዳይ እዚያ አልደረሰም።